ፏፏቴው ነፃ አይደለም

ሐሙስ ማታ ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያው መጣ። ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ መሐሉ ላይ ነጭ ውሃ፣ ከላይ በትልልቁ የተጻፈ፦ «ማንም ያልደረሰበት ድብቅ ፏፏቴ! እሑድ ደርሶ መልስ፣ 1,600 ብር ብቻ። ትራንስፖርት፣ ቁርስ፣ ምሳና ፎቶግራፈርን ይጨምራል።» ሳምንቱን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተጎልቼ የከረምኩ ሰው ነኝና ሁለቴ አላሰብኩም። በቴሌብር ከፈልኩ፣ ስክሪንሾቱን ላክሁ፣ በቃ።

እሑድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሜክሲኮ ተገናኘንና አንድ ኮስተር ሞላን። 28 ነበርን። «ማንም ወዳልደረሰበት» ቦታ 28 ሆኖ መሄድ ራሱ ያስቃል። ያኔ ግን ማናችንም አልሳቅንም፤ ሁሉም ስቶሪ ላይ ነበር።

የሄድነው በሰበታ በኩል ወደ መናገሻ ሱባ ነው። ለማታውቁት፣ መናገሻ ሱባ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ወጨጫ ተራራ ላይ ያለ ደን ነው። የተራራው ጫፍ 3,385 ሜትር ይደርሳል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ተራራው መራቆቱን አይተው፣ ከሰሜን ሸዋው ወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉበት ይነገራል። ዛሬ ሥሩ ቆመን ሴልፊ የምንነሳበት ደን «ይጠበቅ» ከተባለ ከ500 ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው።

በሩ ላይ የመግቢያው ተከፍሎ ጉዞው ተጀመረ። ከፊታችን አዘጋጁ ከአካባቢው የያዘው አንድ ወጣት አለ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ያወራል፣ ይዘፍናል። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ወሬው አለቀና የትንፋሽ ድምፅ ብቻ ቀረ። ጥቅምት ነው፤ ክረምቱ ወጥቷል፣ መሬቱ ግን ገና አልደረቀም። ነጭ ስኒከር ያደረገ ሁሉ ተጸጸተ። ከላይ ጽዱና ዝግባው ሰማዩን ዘግተውታል፤ በየመሐሉ ያረጀ ኮሶ ተንጋዶ ይታያል። ጉሬዛዎች ነጭ ጭራቸውን እያንዠረገጉ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘሉ ሰው ሁሉ ስልኩን አወጣ። ትንሽ ቆይቶ ኔትወርኩ ጠፋ። ምን ልበላችሁ፣ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ስልኬ ዝም አለ።

መንገዱ ጠቦ ገደል ገደሉን በሚሄድበት ቦታ ላይ ጭራሮ የተሸከሙ አንዲት እናት ከፊት ለፊት መጡ። ሸክማቸው ከእሳቸው ይሰፋል። ዳር ይዘው ቆመው 28ታችንንም አሳለፉን። ሸክም ያለበት ቆሞ ባዶ እጁን ያለው ያልፋል። አንዷ «ማዘር፣ አንዴ ፎቶ!» አለቻቸውና አነሳቻቸው። እሳቸው ልጁን በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቁት፤ ሳቀ።

«ምን አሉህ?» አልኩት።

«ምን ሊወስዱ ነው የመጡት? ነው የሚሉት።»

«ምን አልካቸው?»

«ምንም አይወስዱም፣ አይተው ነው የሚመለሱት አልኳቸው።»

ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ፏፏቴው ሳይታይ ድምፁ መጣ። መጀመሪያ ነፋስ መስሎኝ ነበር። ቁጥቋጦውን ገለጥ አድርገን ስንወርድ፣ ከጥቁር አለት ላይ የሚወረወር ውሃ፣ ከሥሩ ትንሽ ኩሬ፣ ዙሪያው ሽበት ያወጣ ድንጋይ። ጢስ ዓባይን የሚያህል ነገር አይደለም። የሦስት ፎቅ ቤት ቢሆን ነው። ግን ፊቴ ላይ የሚረጨው ጠብታ ቀዝቃዛ ነበር፤ አየሩ የእርጥብ ቅጠል ሽታ ነበረው። ለአንድ ደቂቃ ያህል ምንም አላልኩም። ከዚያ እኔም እንደሰው ሁሉ ስልኬን አወጣሁ።

ብዙም ሳይቆይ አንዷ ልጅ ለቲክቶክ ቪዲዮ ብላ ሽበታሙ ድንጋይ ላይ ስትወጣ ተንሸራተተች። ቁርጭምጭሚቷ እንደ ዳቦ ተነፋ። መርገጥ አልቻለችም። ልጁ ነጠላውን ከትከሻው አውርዶ እግሯን ጠፍሮ አሰረና በጀርባው አዘላት። ከእኛ መሐል ያሉት ወንዶች ሊያግዙት ሞክረዋል፤ እውነቱን ለመናገር አምስት ደቂቃ የቆየ የለም። ያንን የወረድነውን ሁሉ፣ ያንን ጭቃ፣ እሷን አዝሎ ወጣው።

ኮስተሩ ጋ ስንደርስ አዘጋጁ 400 ብር ቆጥሮ ሰጠው። ልጁ ብሩን ይዞ ቆመ። «200 ጨምርልኝ፤ ተሸክሜያት ነው የወጣሁት» አለ። አዘጋጁ «በ400 አይደል እንዴ የተስማማነው?» አለው። ልጁ ዝም አለ። እኛም ዝም አልን። የተጎዳችው ልጅ የኋላ ወንበር ላይ ተኝታለች፤ አልሰማችም። ሌሎቻችን ግን ሰምተናል። እኔ? ቪዲዮ እየቆረጥኩ ነበር።

ይህንን ጽሑፍ የምጽፈው ስለዚያ ዝምታ ነው።

ኢኮኖሚክስ ተምሬያለሁና መንገድ ላይ ሒሳብ መሥራት ልማድ ሆኖብኛል። 28 ሰው በ1,600 ብር 44,800 ብር ነው። ከዚህ ላይ የኮስተር ኪራይ አለ፣ ነዳጅ አለ፣ ምግብ አለ፣ ፎቶግራፈር አለ፣ የመግቢያ አለ። አዘጋጁም ሠርቶ አደር ነው፤ ማትረፉ ኃጢአት አይደለም፣ ሌባ ነው እያልኩም አይደለም። ግን ከ44,800 ብር ውስጥ መንገድ የመራን፣ የወደቀችውን ያነሳ ሰው የደረሰው 400 ብር ነው። ከየ100 ብሩ 89 ሳንቲም። የከፈልነውን ሁሉ የከፈልነው ወደ ፏፏቴው ለሚያደርሰን ነገር ነው፤ ፏፏቴውን ላቆየው ሰው ግን ምንም።

«ፏፏቴውን ማን አቆየው? ተፈጥሮ አይደል እንዴ!» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ውሃው ከሰማይ ነው። ግን እስቲ ደኑን አንሱት። በተራቆተ ተራራ ላይ የሚዘንብ ዝናብ አፈሩን ጠርጎ በአንድ ቀን ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል፤ ክረምቱ ሲያልፍ ጅረቱም ይደርቃል። ደን ያለበት መሬት ግን የረገፈው ቅጠል፣ ሥሩና ልል አፈሩ ውሃውን ወደ ውስጥ ያሰርጉትና ቀስ ብለው ይለቁታል። በጥቅምት፣ በኅዳር የምናየው ፏፏቴ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ነው። ደኑ ያጠራቀመልን።

ደኑን ደግሞ አለመቆረጡ ነው ያቆየው። ጽድ ምስጥ የማይደፍረው እንጨት ነው። ለአጥር፣ ለቤት ቋሚ ይፈለጋል። ከደኑ ጥግ ለሚኖር ገበሬ የቆመ ጽድ ማለት ያልተመነዘረ ብር ማለት ነው። እኛ ክፍል ውስጥ «ኦፖርቹኒቲ ኮስት» እያልን የተማርነው ይኸው ነው፤ አንዱን ስትመርጥ የምትተወው ነገር ዋጋ። ደኑ እንዲቆም ሲባል ጭራሮ የተሸከሙት እናት በየቀኑ የሚተዉት ነገር አለ። ልጁ እንደነገረኝ የሚለቅሙት የወደቀና የደረቀ ቅርንጫፍ ብቻ ነው። እኛ የማንከፍለውን የፏፏቴውን ዋጋ እሳቸው እየከፈሉ ነው።

እንጨት ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ አዲስ አበባ ማገዶ አጥሯት ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ደርሰው ነበር። ከተማዋን ያተረፋት ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ዋና ከተማን የሚያስለቅቅ ችግር አንድን ቤተሰብ ምን ሊያደርገው እንደሚችል አስቡት። በዚያ ሁሉ ዘመን፣ ከከተማው አፍንጫ ሥር፣ ይህ ደን መትረፉ ነው የሚገርመው።

ሳይከፍል የሚጠቀምን ሰው ኢኮኖሚስቶች «ፍሪ ራይደር» ይሉታል፤ ሒሳብ ሳይከፍል ታክሲ ተሳፍሮ እንደሚወርድ ሰው። እኛ የኮስተሩን ከፍለን ነበር። ፏፏቴው ላይ ግን ሁላችንም ሳንከፍል ነው የተሳፈርነው።

ቪዲዮውን ማታውኑ ለጠፍኩት። ከለመድኩት በላይ ታየ። ኮሜንቱ ሁሉ አንድ ቃል ነው፦ «ሎኬሽን?» ሎኬሽኑን ለጠፍኩላቸው። ደስ ብሎኛል፤ ሰው ጠቀምኩ ብያለሁ።

በታኅሣሥ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ተመለስኩ። እስከ ሰበታ በሚኒባስ፣ ከዚያ በባጃጅና በእግር። ልጁን አፈላልገን አገኘነው፤ ከመነሳታችን በፊት ለሦስታችን በ800 ብር ተስማማን። ፏፏቴው ቀጥኗል፣ ግን አለ። ኩሬው ዳር ግን ሌላም ነገር ነበር። ባዶ ሃይላንድ፣ ፌስታል፣ ሶፍት። አንድ ትልቅ ጽድ ላይ በቢላ የልብ ቅርፅና ሁለት ስም ተቀርጿል። ልጁ ከኪሱ ማዳበሪያ አውጥቶ ምንም ሳይል ሃይላንዱን መልቀም ጀመረ። እኛም አብረን ለቀምን።

«ይሄ ሁሉ ከመቼ ወዲህ ነው?» አልኩት።

ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። «ይሄ ቪዲዮ ከወጣ ወዲህ ነው። ሰው በዛ።»

የኔው ቪዲዮ ነበር። ሙዚቃ ስለለጠፍኩበት ድምፄ የለበትም፤ የኔ መሆኑን አላወቀም። ነገርኩት። ትንሽ አየኝና ሳቀ። «አንቺ ነሽ እንዴ? ያን ቀን ከነዚያ ጋር ነበርሽ?»

ከቦርሳዬ 200 ብር አውጥቼ ሰጠሁት። «ይሄ የዛሬው ነው ወይስ የያን ቀን?» አለኝ።

«የያን ቀን።»

«እሺ» አለና ኪሱ ከተተው። ሌላ ነገር አላለም። እኔም ይቅርታ የሚመስል ነገር ጀምሬ አቋረጥኩት።

እናቲቱ «ምን ሊወስዱ ነው የመጡት?» ብለው ነበር። ምንም አይወስዱም ሲላቸው ተሳስቷል። እኔ እይታ ወስጃለሁ፣ ተከታይ ወስጃለሁ፤ በምትኩ ደግሞ ሃይላንድ የሚጥል ሰው ልኬላቸዋለሁ።

አሁን ብዙ ሰው የሚመክረው መፍትሔ «ሎኬሽን አትለጥፉ፣ ድብቅ ቦታ ድብቅ ይሁን» የሚል ነው። እኔም ለጥቂት ቀን እንደዚያ አስቤ ቪዲዮውን አጥፍቼዋለሁ። ቆይቼ ሳስበው ግን ብዙ አላሳመነኝም። አንደኛ፣ ፏፏቴው የተደበቀው ከእኛ ነው እንጂ ከባለቤቶቹ አይደለም። ልጁ «ፊንጫኣ» እያለ ሲጠራው ነው ያደገው፤ በኦሮምኛ ፏፏቴ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ማንም የማያውቀው ቦታ ሲቆረጥም ማንም አያውቅም። ቦታን የሚጠብቀው መደበቁ ሳይሆን በቆመበት የሚጠቀም ሰው መኖሩ ነው።

ይህ የኔ ፈጠራ አይደለም። ጋሬት ሃርዲን የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1968 በጻፈው ታዋቂ ጽሑፍ፣ የጋራ የሆነ ነገር ሁሉም ሲሻማበት መጥፋቱ አይቀርም ብሎ ነበር። ብዙዎች ከዚያ ተነስተው መፍትሔው ወይ መንግሥት ይውረሰው፣ ወይ ለግለሰብ ይሸጥ ነው አሉ። ኤሊኖር ኦስትሮም ግን የስዊዘርላንድን የግጦሽ ተራሮች፣ የጃፓንን መንደሮች ደን፣ የፊሊፒንስን የመስኖ ማኅበራት ሥራዬ ብላ አጠናች። ሰዎች ራሳቸው ሕግ አውጥተው፣ ራሳቸው ተቆጣጥረው፣ አጥፊውን ራሳቸው ቀጥተው የጋራ ሀብትን ለዘመናት ማቆየት እንደሚችሉ አሳየች። እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

ለእኛ ደግሞ ስዊዘርላንድ መሄድ አያስፈልገንም። መንዝ አለ። የጓሳ ሣር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቄሮ» በሚባለው ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። ሣሩ ለዓመታት ይከለከላል፤ ሲደርስ ሽማግሌዎቹ በወሰኑት ቀን ይከፈታል፤ ሕዝቡ ለቤት ክዳኑ አጭዶ ይወስዳል፤ መልሶ ይዘጋል። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ የቀድሞው ሥርዓት ቢፈርስም ማኅበረሰቡ በሌላ መልክ መልሶ አቋቁሞታል። ዛሬ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት ጓሳ የሚሄድ ሰው የሚያየው የዚያን ክልከላ ፍሬ ነው።

ወንጪም አለ። ሐይቁን ለማየት ስትወርዱ ፈረሱም ጀልባውም የአካባቢው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ብሎ ከመረጣቸው አንዱ ወንጪ ነበር። ጎብኚ ሲመጣ የፈረሱ ባለቤት ይጠቀማል፤ ስለዚህ የፈረሱ ባለቤት ደኑ እንዲመነጠር አይፈልግም። ነገሩ ይኸው ነው፤ ፒኤችዲ አይጠይቅም።

«እኛስ ገንዘብ የት አለን? ሀይኪንግ እኮ የድሃ መዝናኛ ነው» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እኔም ቋሚ ደሞዝ የለኝም። ግን ያን ቀን 28ታችን 50 ብር፣ 50 ብር ብንጨምር 1,400 ብር ይሆን ነበር። ለእያንዳንዳችን ከአንድ ማኪያቶ ብዙ አይርቅም። ለልጁ ግን የዚያን ቀን ክፍያውን ሦስት እጥፍ ተኩል ይሆንለት ነበር። «ብር መስጠት ልመናን ያስለምዳል» የሚሉም አሉ። በዚህ እስማማለሁ፤ መንገድ ላይ ለሕፃናት ብር መበተን ጥሩ አይደለም። እኔ እያልኩ ያለሁት ምጽዋት አይደለም። መንገድ መምራት ሥራ ነው፤ የወደቀ ሰው ተሸክሞ ማውጣትም ሥራ ነው፤ የእኛን ሃይላንድ መልቀምም ሥራ ነው። ለሥራ ዋጋ ይከፈላል። «የመንግሥት ሥራ ነው» ለሚለኝ ደግሞ፦ ደንብ ማውጣትና መቆጣጠር አዎ፣ የመንግሥት ነው። ኮስተር ውስጥ ዝም ያልኩት ግን እኔ ነኝ እንጂ መንግሥት አይደለም።

ስለዚህ የሚቀጥለው እሑድ ማስታወቂያ ሲመጣላችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ግሩፑ ላይ ሦስት ነገር ጠይቁ። የአካባቢ አስጎብኚ አለ ወይ፣ ስንት ነው የሚከፈለው? ሰው ቢጎዳ ማን ነው የሚያወጣው፣ ለዚያስ የተያዘ ብር አለ? ቆሻሻውን ማን ነው የሚመልሰው? ግሩፑ ላይ በይፋ ጠይቁ፤ በውስጥ መስመር አይደለም። አንድ ሰው ሲጠይቅ አዘጋጁ ይናደዳል፤ አሥር ሰው ሲጠይቅ ግን ማስታወቂያው ላይ ይጽፈዋል። ገበያ እንደዚህ ነው፤ ደንበኛ የጠየቀው ነገር ይቀርባል። «ፎቶግራፈርን ይጨምራል» የተባለው እኮ ሰው ስለጠየቀ ነው።

ከሄዳችሁ ደግሞ ቡናውንም በቆሎውንም ከዚያው ግዙ። ድንጋዩ ሽበት ካለው አትውጡበት። ክረምት ላይ ወደ ኩሬው አትግቡ፤ እናንተ ጋ ፀሐይ ቢሆንም ከላይ ዘንቦ ከሆነ ውሃው ድንገት ነው የሚመጣው። ጽድ ላይ ስማችሁን አትጻፉ፤ ፍቅራችሁን ቴሌግራም ላይ ጻፉት። ሎኬሽኑን ከለጠፋችሁ፣ ከሥሩ መንገድ ለሚመራ ሰው ስንት መክፈል እንደሚገባ አብራችሁ ለጥፉ። ሰው ሸክም ይዞ ከመጣ ዳር ያዙና እናንተ ቁሙ።

ቪዲዮዬን መልሼ ለጥፌዋለሁ። «ሎኬሽን?» ለሚለኝ ሁሉ ሎኬሽኑን እልካለሁ፤ ከሱ ጋር ግን በልጁ ፈቃድ የልጁን ስልክ ቁጥርና ዋጋውን እልካለሁ። አንዳንዱ «ለፏፏቴ ደግሞ ይከፈላል እንዴ?» ብሎ ይጽፍልኛል።

ይከፈላል። እስካሁንም ሲከፈል ነበር፤ የሚከፍሉት እሳቸው ስለነበሩ ነው እኛ ያልታወቀን።